ስለ ወንድማችን ከመጻፋችን በፊት እንደውልለት

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ አስቀድሞ በእኛው ላይ የሚፈርድ ነው፤ ስለዚህ ከራሳችን እንጀምራለን።

በተለያዩ አጥቢያዎች የምናገለግል መጋቢዎች የምንገናኝበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የተከፈተው ለመልካም ነበር። የጸሎት ርዕስ እንለዋወጥበታለን፤ ከመካከላችን የታመመ ወይም ያዘነ ሲኖር እንጠያየቅበታለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት ከእኛ አንዱ አጭር ቪዲዮ ላከልን። አንድ ወጣት ሰባኪ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ድሃ የሆነ ሰው እምነቱን ይመርምር፣ እምነት ያለው ሰው አይደኸይም ሲል ይታያል። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከሥሩ “ይህንንም ዝም እንበል?” የሚል ጽሑፍ ነበረው።

ዝም አላልንም። “የወንጌል ነጋዴ” አልነው። “ለዚህ ማን ነው መድረክ የሰጠው?” አልን። አንዳንዶቻችን የተማረበትን ኮሌጅ ወቀስን፤ አንዳንዶቻችን በአለባበሱ ቀለድን፤ የቀረነው ደግሞ ምንም ሳንጽፍ የሳቅና የጭብጨባ ምልክት አደረግን። ወደ መኝታችን ስንሄድ በአንድ የጌታ አገልጋይ ላይ ፈርደን ጨርሰን ነበር። በማግስቱ ንግግራችን በስክሪንሹት ከግሩፑ ወጥቶ ፌስቡክ ላይ ዋለ። የመጋቢዎች ስምና ፎቶ ስላለበት ሰው አመነው፤ እየተቀባበለም ሼር አደረገው።

በሳምንቱ ሙሉውን ስብከት ያደመጠ አንድ ወንድም ደወለልን። ወጣቱ ያንን ንግግር የጀመረው “አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ” ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ትምህርት ለምን ስህተት እንደሆነ ከኢዮብ ሕይወትና በድህነታቸው መካከል ለጋስ ከነበሩት ከመቄዶንያ ክርስቲያኖች እየጠቀሰ በሰፊው አስረድቷል። እኛ በቴዎሎጂ ኮሌጅ ከተማርነው የተለየ አንድም ነገር አልተናገረም። ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው ያወጣው ሦስት ቃል ብቻ ነበር።

ሦስት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። በሩን የከፈቱልን እናቱ ናቸው። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሆኖም “ግቡ” አሉንና ቡና አቀራረቡ። በኋላ እንደተረዳነው፣ ስለ ልጃቸው የሰሙት ልቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ከጎናቸው ያሉ ሴቶች ስልክ ላይ አቀርቅረው ሲንሾካሾኩ ነው። ልጃቸው አልጮኸብንም። አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆየና እንዲህ አለን፦ “አባቶቼ፣ የእኔ ስልክ ቁጥር እኮ ሁላችሁም ጋ አለ። ለወጣቶች ኮንፈረንስ እንዳገለግል የደወላችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ያን ቀን ታዲያ አንዳችሁ እንኳ እንዴት አልደወላችሁልኝም?”

መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም። ይህን የምንጽፈው ያ ጥያቄ እስከ አሁን ስላልለቀቀን ነው።

የመርዶ ሥርዓት ያለው ሕዝብ

ሕዝባችን ክፉ ቃል ሰው ጆሮ እንዴት መድረስ እንዳለበት ያውቃል። ሰው ሲሞት መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድና ወዳጅ ይመካከራል፤ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር ይባላል። በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። የሚሄዱት ነግረው የሚመለሱ ሳይሆኑ አብረው የሚያለቅሱ፣ የሚደግፉ ሰዎች ናቸው። ብቻውን ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንኳ ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል፤ ሥራ ከመግባቱ በፊት ጎሕ ሲቀድ የሐዘንተኛውን በር ያንኳኳሉ።

ከአጥቢያችን ወጥታ በአንድ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የአባቷን ሞት የሰማችው ግን ከፌስቡክ ነው። ልብስ ስትተኩስ ስልኳን ከፈተች፤ የአባቷ ፎቶ ወጣ፤ ከላዩ “አባታችን ወደ ጌታ ተሰበሰቡ” የሚል ተጽፎ ነበር። አጠገቧ ማንም አልነበረም። አሠሪዎቿ ቋንቋዋን አያውቁም። የለጠፈው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፤ አባትዬውን ሊያከብራቸው ፈልጎ ያደረገው ነው። ቤተሰቡ ግን ገና ማን ይንገራት እያለ እየተመካከረ ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በስልክ ላይ የሚፈጸም ብልግና ሁሉ ከጥላቻ የሚመጣ አይመስለንም። ብዙው የሚመጣው ከችኮላ ነው። የታመመን ሰው ከነጉሉኮሱ ፎቶ አንሥቶ ሳያስፈቅዱ “ጸልዩለት” ብሎ መለጠፍ ከችኮላ ነው። የአንዲት እኅት የትዳር ችግር “ለጸሎት ያህል ነው፣ ከእናንተ አይለፍ” እየተባለ በአራት ግሩፕ መዞሩ ከችኮላ ነው። እኛ ጴንጤዎች ሐሜትን የጸሎት ርዕስ አድርገን የማቅረብ ልዩ ጥበብ እንዳለን ብንናዘዝ ሐሰት አይሆንብንም። “ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ” ያሉት አባቶቻችን ቴሌግራም አልነበራቸውም፤ ጠባያችንን ግን ያውቁት ነበር።

ፊት የሌለበት ንግግር

በአካል ስንገናኝ ብዙ ነገር ይጠብቀናል። ይሉኝታ ይጠብቀናል። የሰውየው ሽበት፣ ከጎኑ የተቀመጡት ልጆቹ፣ ዐይኑ ላይ ያየነው ድካም አፋችንን ይይዘዋል። ስልክ ላይ ይህ ሁሉ የለም። የሚታየን ስምና ትንሽ ፎቶ ነው፤ አንዳንዴም ስሙ የውሸት፣ ፎቶው የአበባ ነው። በጸሎት ጉባኤ ላይ “ወንድሜ፣ ተባረክ” የሚል ሰው ማታ ኮሜንት መስጫው ላይ “አንተ ደነዝ” ብሎ ሲጽፍ ብንደነግጥም፣ ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ስልኩ አዲስ ልብ አልሰጠውም፤ ውስጡ የነበረውን አወጣው እንጂ። ያዕቆብ በመልእክቱ የሚያዝነውም በዚሁ ነው፤ አምላክን የምንባርክበት አንደበት በአምላክ መልክ የተፈጠረውን ሰው የምንረግምበት መሆኑ (ያዕ. 3፥9-10)። ዛሬ ቢጽፈው ኖሮ ምላስን ብቻ ሳይሆን አውራ ጣትንም ይጨምር ነበር ብለን እናስባለን።

ቋንቋችን “አንተ” እና “አንቱ” የሚል ልዩነት የሰጠን ለከንቱ አይደለም። በአካል ቢያገኘው ከመቀመጫው ተነሥቶ “ጋሼ” የሚለውን ሽማግሌ፣ ዩቲዩብ ላይ “አንተ ሰውዬ” የሚል ወጣት በዝቷል። እግዚአብሔርንም በጸሎት “አንተ” እንላለን የሚል ምክንያት የሰጠን አለ። እውነት ነው እንላለን፤ ያ ግን ልጅ ለአባቱ ያለው ቅርበት ነው። አይተነው የማናውቀውን አረጋዊ “አንተ” ማለት ከቅርበት አይደለም፤ ከንቀት ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሽማግሌን እንደ አባት፣ ጎልማሶችን እንደ ወንድሞች እያየ እንዲመክር ሲያዘው (1ኛ ጢሞ. 5፥1) ሽማግሌ አይሳሳትም ማለቱ አልነበረም። የሚሳሳት ሽማግሌ የሚመከርበት አነጋገር አለ ማለቱ ነው።

ነገሩ አገርን የሚያሳስብ ደረጃ ላይ መድረሱን ሕጉም ይነግረናል። አገራችን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አውጥታለች። ዋትስአፕ የተባለው ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ለሆኑ ሰዎች ወይም ግሩፖች ማስተላለፍ እንዳይቻል በመላው ዓለም ገደበ። መንግሥት አዋጅ አወጣ፤ ነጋዴው ለመሣሪያው ልጓም አበጀ። ጥያቄው፣ መንፈስ ቅዱስ በውስጡ የሚኖር አማኝ ልጓሙ የታለ? የሚለው ነው። አዋጅ ወንጀልን ሊቀጣ ይችላል፤ ወንድምን ማክበርን ግን በማንም ልብ ውስጥ አያስገባም።

ያየውን ያወራና ያየውን የሸፈነ

በዘፍጥረት 9 ላይ ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን ተኝቷል። ልብ እንበል፤ ኖኅ በእርግጥ ሰክሯል፤ በእርግጥም ዕራቁቱን ነው። ካም የዋሸው አንድም ነገር የለም። ያየው እውነት ነው፤ የተናገረውም እውነት ነው። ያደረገው ነገር ወደ ውጭ ወጥቶ ለወንድሞቹ መንገር ብቻ ነው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው፣ የኋሊት እየሄዱ የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ። ስክሪንሹት ከማንሣታችን በፊት ይህን ታሪክ ብናነብ መልካም ነው። “እውነት እኮ ነው!” የሚለው መከላከያ ካምን አላዳነውም።

የሐዋርያት ሥራ 18 ደግሞ ስለ ትምህርት ስህተት ምን እንደሚደረግ ያሳየናል። አጵሎስ በኤፌሶን ምኵራብ በግልጥ ያስተምራል፤ መጻሕፍትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ንግግሩ ይማርካል፤ ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። ጉድለቱ ገባቸው። በጉባኤው መካከል ተነሥተው “ይህ ሰው ያልተማረ ነው” ሊሉ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ለብቻው ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ አጥርተው ገለጡለት። ከዚያም ወደ አካይያ ሊሻገር ሲፈልግ ወንድሞች ደብዳቤ ጻፉለት፤ ደብዳቤው እንዲቀበሉት የሚያደፋፍር ነበር። እንግዲህ የአጵሎስ ጉድለት በጆሮው ተነገረው፤ በጽሑፍ የወጣው መልካም ምስክርነቱ ነው። እኛ ዛሬ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። የወንድማችንን መልካም ነገር በኢንቦክስ እንነግረዋለን፤ ጉድለቱን ለዓለም ሁሉ እንጽፋለን።

ጌታችንም በማቴዎስ 18 ላይ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦልናል። መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን። ፌስቡክ ላይ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። እንዲያውም ከመጨረሻው አልፈን፣ የቤተ ክርስቲያን አባል ላልሆነ፣ ጌታን ለማያውቅ፣ በእኛ ጠብ ለሚዝናና ሕዝብ እንናገራለን። ዮሐንስ በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በቀለምና በወረቀት ማድረግን እንዳልወደደ፣ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደመረጠ ይናገራል። የፍቅር ሐዋርያ የሚባለው ሰው ጽሑፍ ብቻውን የማይሸከመው ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር።

“ታዲያ ሐሰተኛ ትምህርትን ዝም እንበል?”

ይህን ጥያቄ እናከብረዋለን፤ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ሐሰተኛ ትምህርት አለ። በስመ ትንቢት የድሃ መበለት ገንዘብ የሚበላ አለ። በአደባባይ የተሰበከ ስህተት በአደባባይ ሊታረም ይገባል። ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11-14)፤ ዮሐንስም ዲዮጥራጢስን በስሙ ጠርቶ ጽፏል።

ይሁን እንጂ ሁለቱንም ደግመን እናንብባቸው። ጳውሎስ የተቃወመው ፊት ለፊት ቆሞ ነው፤ ጴጥሮስ እዚያው ነበር፤ መመለስ ይችል ነበር። ስለ ዲዮጥራጢስ የጻፈውም ዮሐንስ ስመጣ ጉዳዩን አነሣዋለሁ የሚል ነው፤ ጽፎ ብሎክ አላደረገም። የዲዮጥራጢስ አንዱ ጥፋት ደግሞ በወንድሞች ላይ ክፉ ማውራቱ ነበር። ይሁዳም ሐሰተኞችን አጥብቆ በሚቃወምበት በዚያው መልእክቱ፣ የመላእክት አለቃ ሚካኤል ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር እንኳ የስድብን ፍርድ ለመናገር እንዳልደፈረ ያስታውሰናል (ይሁዳ 9)። ለዲያብሎስ ያልተፈቀደ ስድብ ለወንድማችን ከየት መጣ? ትምህርቱን በቃለ እግዚአብሔር እንርታው፤ የሰውየውን ሚስት፣ ድህነቱን፣ የተወለደበትን ብሔር፣ መልኩን ምን አመጣው?

አንድ ነገር ግን በግልጥ እንናገር። አገልጋይ ሰውን በደል አድርሶበት፣ ገንዘብ አጥፍቶ ወይም ሴት ልጅን ደፍሮ ሳለ፣ ተበዳዩዋን “ማቴዎስ 18ን ጠብቂ፣ ብቻሽን ሄደሽ አናግሪው” ማለት ጨዋነት አይደለም፤ ግፍ ነው። የሴምና የያፌት ልብስ የሰከረን ሽማግሌ ለመሸፈን ነበር እንጂ ተኩላን በበጎች መካከል ለመሸፈን አልነበረም። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤም ወደ ሕግም ይሂድ። መሪዎች አንሰማም ብለን በር ስንዘጋ ነው ብዙ ሰው ፌስቡክ ላይ የሚጮኸው፤ በዚህ እኛ መጋቢዎች ተጠያቂዎች ነን።

ስም ይጠበቅ የነበረበት ዘመን

እኛ ልጆች በነበርንበት በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ሲታሰሩ የምእመናኑ ቁጥር 5,000 ያህል እንደነበር ይነገራል። ዓመታት በየቤቱ በትናንሽ ኅብረት፣ በሹክሹክታ መዝሙርና ጸሎት አለፉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ደጆች ሲከፈቱ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ማይክሮፎን አልነበረም፤ መጽሔት አልነበረም፤ ቃሉ የሄደው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

በዚያ ዘመን ስም ይጠበቅ ነበር። አንድ ሰው የወንድሙን ስም በማይገባ ቦታ ከጠራ፣ ያ ወንድም ማታውን ሊወሰድ ይችል ነበር። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት “ይህ ቃል የት ይደርሳል?” ብለን እናስብ ነበር። ስህተት ያስተማረ ወንድም አልጠፋም፤ ነበረ። ታላላቆቻችን ግን “ና እስቲ፣ ትንሽ መንገድ ሸኘኝ” ብለው ይዘውት ይወጡ ነበር። ከዚያ መንገድ ሲመለስ ተለውጦ የተመለሰ ብዙ ነው፤ እኛም በዚያ መንገድ ላይ የተመከርን ነን። ሲመክሩን የሰማቸው ማንም ስላልነበረ፣ ስንመለስ የምንደብቀው ኀፍረት አልነበረንም።

ያኔ “ጴንጤ” የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነበር። በሰፈር ልጆች ድንጋይ እየተወረወረብን ያደግን ነን። ስድብ እንዴት እንደሚያቆስል የምናውቅ ሰዎች፣ ዛሬ በነጻነት ዘመን የኦርቶዶክስ ወይም የሙስሊም ጎረቤታችንን እምነት ስንሳደብ መገኘታችን ያሳዝናል። ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ እንድንሰጥ ሲነግረን በየዋህነትና በአክብሮት መሆን እንዳለበት አልዘነጋም (1ኛ ጴጥ. 3፥15-16)። ከርክክሩን አሸንፈን ሰውየውን ካጣነው ወንጌልን አልሰበክንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሰምተን እንጨርስ። ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ሞኝነትም ነውርም እንዳለበት የምሳሌ መጽሐፍ ያስተምረናል (ምሳ. 18፥13)። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ አይተን በሰው የዓመታት አገልግሎት ላይ አንፍረድ። ሙሉውን ለመስማት ጊዜ ከሌለን፣ ለመፍረድም ጊዜ የለንም።

እንደውል። ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ ጣታችን ሲቸኩል፣ ስልኩ አለን ወይ? ብለን እንጠይቅ። ካለን እንደውልለት። ከሌለን የሚያውቀውን እንፈልግ። ድምፁን ሰምተን፣ “ቤተሰብ ደኅና ነው?” ብለን፣ ከዚያ ጥያቄያችንን እናቅርብ። ደውለን የጻፍነውና ሳንደውል የጻፍነው ጽሑፍ አንድ ዓይነት እንደማይሆን እናያለን። አብዛኛውን ጊዜም የሚጻፍ ነገር አይቀርም።

በስማችን እንጻፍ። ስማችንን ደብቀን ብቻ ልንናገረው የምንችለው ቃል፣ በጌታ ፊት የምናፍርበት ቃል ነው። በፍርድ ቀን ስለ ከንቱ ቃል ሁሉ መልስ እንሰጣለን (ማቴ. 12፥36)፤ ያን ቀን የውሸት አካውንት የለም።

ማታ ተናደን የጻፍነውን እናሳድረው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ያው ቃል ያው ከመሰለን እንላከው። ቴሌግራም የላክነውን ከሁለቱም ወገን ስልክ እንድንሰርዝ ይፈቅድልናል፤ ካነበበው ሰው ልብ ግን አይሰርዝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የሐዘንና የሕመም ወሬ ሲደርሰን፣ ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ? ፈቅዷል ወይ? ብለን እንጠይቅ። የመጀመሪያው ሆነን በመለጠፋችን ሽልማት የለም። በሰማይም በምድርም የለም።

በመጨረሻም፣ ስንሳሳት ባጠፋንበት ቦታ ይቅርታ እንጠይቅ። በአደባባይ ሰድበን በኢንቦክስ ይቅርታ መጠየቅ ግማሽ ንስሐ ነው።

እኛ ይህን ለማድረግ ሞክረን ነበር። ያን ወጣት ይቅርታ ጠይቀን፣ ስማችንን ዘርዝረን፣ የቆረጥነውን ሳይሆን ሙሉውን ስብከቱን አያይዘን ፌስቡክ ላይ አወጣን። ስድቡን ሼር ካደረጉት ሰዎች መካከል ይቅርታውን ሼር ያደረጉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ውሸቱ የደረሰበት ቦታ ሁሉ እውነቱ አልደረሰም። አሁን አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ልንልከው ስንል “እርሱ እኮ ያ ነገር አለበት” የሚለን አለ። “ያ ነገር” የእኛ ነገር ነው፤ የእርሱ አይደለም።

ወጣቱ ግን ይቅር ብሎናል። እናቱም ቡናቸውን አጠጥተው፣ በር ድረስ ሸኝተውን፣ “ከእንግዲህ ለማንም ልጅ እንዲህ አታድርጉ” አሉን። ከዚያ ወዲህ በግሩፓችን ውስጥ የሰው ቪዲዮ ሲላክ የመጀመሪያው መልስ “ደውለህለታል?” የሚል ሆኗል። ካልደወለ ራሱ ሄዶ እስኪደውል እንጠብቃለን። ሁልጊዜ አይሳካልንም፤ አንዳንዴ የድሮው ምላሳችን ይቀድመናል። ቢሆንም ያቺ እናት ያሉንን አንረሳም።

ውድ ወገኖች፣ ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት ስሙን ክፉ አድርገን የጻፍንበት ሰው ትዝ ካለን፣ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ከመላካችን በፊት ለእርሱ እንደውል። ጌታ ሆይ፣ ለአፋችን ብቻ ሳይሆን ለጣታችንም ጠባቂ አኑር። ያዋረድናቸውን እንድናከብር፣ ያቆሰልናቸውን ፈልገን እንድናገኝ ጸጋ ስጠን። አሜን።